የጋሽ ዘይኑ ሃምሳ ሊትር

ይፈረድብኛል ብዬ አልፈራም፤ ይፈረድብኝ። ግን ነገሩ እንደሆነው ይነገር፤ ምክንያቱም ቢሯችን ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለው ሌላ ታሪክ ነው። ፎቶው ላይ እኔ አለሁ፤ ጥርሴን ገልጬ፣ ከኋላዬ ወደ ላይ ወደ ታች የሚል ሰማያዊ መስመር። ከሥሩ «ብክነትን በሳይንስ አሸነፍን» ይላል። ባየሁት ቁጥር ቆሽቴ ያርራል።

ስሜ ፍዮሪ ነው። ወላጆቼ ከአዲግራት የመጡ ናቸው፤ እኔ ግን አራዳ ተወልጄ አራዳ ያደግኩ፣ ቤት ውስጥ ትግርኛ፣ ደጅ ስወጣ የፒያሳን አማርኛ የምቀድ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስታትስቲክስ ተማርኩ፣ ተመረቅኩ፣ ከዚያ ዲግሪዬን ታቅፌ ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጥኩ። ከቤት ያወጡኝ ጋሽ ዘይኑዲን ናቸው። አንድ ግቢ ነበርን። በእኛና በእነሱ ቤት መካከል የነበረው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው፤ እሱም ግማሹ የለም። የወሎ ሰው ናቸው፤ አዲስ አበባ ስንት ዓመት ኖረው አነጋገራቸው አሁንም ደሴን አልለቀቀም።

ጋሽ ዘይኑ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ባለ አንድ የወተት ማከፋፈያ ውስጥ ይሠሩ ነበር። በወረቀት ላይ የዕቃ ቤት ኃላፊ ይባላሉ። ሥራቸው ግን አንድ ነበር፤ በየቀኑ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ስልክ አንስተው ለሱሉልታ ወተት አቅራቢዎች «ለነገ ይህን ያህል ሊትር አምጡ» ማለት። አብዝተው ካዘዙ ይበላሻል፤ አሳንሰው ካዘዙ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቸርችል ጎዳና ታች ድረስ ያሉት ካፌዎች ማኪያቶ ያጣሉ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ አዘዙ። «የጎረቤቴ ልጅ ናት፣ ቁጥር ታውቃለች» ብለው እኔን ያስቀጠሩኝም እሳቸው ናቸው። ይህን ልብ በሉልኝ።

በ2016 ሰፈራችን ሲፈርስ ተበታተንን። እኛ ጎተራ አካባቢ ቤት ተከራየን፤ እነ ጋሽ ዘይኑ ገላን ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስተው፣ ሦስት ታክሲ ቀይረው፣ ወተቱ ሳይራገፍ ይደርሳሉ። ከሁላችን ቀድመው ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመው ነው የምናገኛቸው። ማርፈዳቸውን አንድ ቀን አላየሁም።

የዚያው ዓመት ክረምት የማከፋፈያው ባለቤት ሞቱና ልጃቸው ዳኒኤል ድርጅቱን ተረከበ። ዳኒ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ማኔጅመንት የተማረ፣ ንግግሩ ሁሉ ሲስተም፣ ዳታ፣ ፕሮሰስ የሆነ ልጅ ነው። ባለፈው ጥቅምት ጠራኝና አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ የነገን ወተት ከጋሽ ዘይኑ ጭንቅላት ውጪ የሚያውቅ ሌላ ነገር መሥራት ይቻላል ወይ አለኝ። እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ «ምን ተማርሽ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ስለነበር፣ ይቻላል አልኩ።

ዳታው እጃችን ላይ ነበር። ጋሽ ዘይኑ ከ1996 ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ደብተር ይይዛሉ፤ በየቀኑ ስንት ሊትር ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ተመለሰ። ሃያ ሁለት ደብተር ማለት ነው። ጽሕፈታቸው የዶሮ ጭረት ስለሆነ ለብቻዬ ማንበብ አቃተኝ። ታዲያ ማን ቢያነብልኝ ጥሩ ነው? ራሳቸው። ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ በኋላ መነጽራቸውን አድርገው አጠገቤ ይቀመጣሉ፤ እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ እጽፋለሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። «ልጅቷ ጽሑፍ ትሠራለች» ነበር ለሰው የሚሉት።

ከመጀመሪያዎቹ ሁለት በቀር በየደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ጥግ ላይ ሁለት ቁጥሮች ነበሩ። 2016 ላይ «አ 20፣ መ 10»። 2017 ላይ «አ 1፣ መ 29»። የላሞች ቁጥር ይሁን የመደርደሪያ፣ ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ልጠይቃቸውም አልፈለግኩም። ዳታ አይደለም ብዬ ዘለልኩት። ሁለቱ ቁጥሮች በየዓመቱ ሲደመሩ ሠላሳ እንደሚሆኑ እንኳ አላስተዋልኩም። ስታትስቲሺያን ነኝ ባይዋ።

የሠራሁት ነገር ፎሪየር ይባላል። ለዳኒ ያስረዳሁት እንዲህ ብዬ ነው፤ ዓመት ክብ ነው፣ ዞሮ ይመጣል። የወተቱ ፍላጎት በዓመት አንዴ ከፍ ዝቅ የሚል አንድ ትልቅ ሞገድ አለው፤ በላዩ ላይ በዓመት ሁለቴ የሚመላለስ ሌላ፣ ሦስቴ የሚመላለስ ሌላ። የእያንዳንዱን ቁመትና መነሻ ከድሮው ዳታ ፈልገህ ስትደምራቸው የዓመቱ መልክ ይወጣል። ስድስት ሞገድ ደመርኩ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆኑ የሳምንቱንም ሞገድ ለብቻው ጨመርኩለት። መስመሩ ከነጥቦቹ ላይ ሲያርፍ ሳይ፣ እውነቴን ነው፣ ከደስታ ብዛት ብድግ አልኩ።

ሁዳዴ በየዓመቱ ቀኑን እንደሚቀይር የማላውቅ ሆኜ አይደለም። እጾማለሁ። ግን የጾሙን መግቢያ እኔ አስቤ አላውቅም፤ እናቴ «ነገ ጾም ነው» ትለኛለች፣ እጾማለሁ፣ አለቀ። አንድ ሁለት ሳምንት ወዲህ ወዲያ ቢል ምን አለበት፣ የሃያ ሁለት ዓመት አማካይ ይይዘዋል አልኩ። ረመዷንም እንደዚያው።

ከዚያ መፈተኛው መጣ። ሞዴሉን የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ደበቅኩበትና እንዲተነብይ አደረግኩት። 2017ን እንደ መስተዋት አሳየው። 2016 ላይ ግን ጉድ ሆነ፤ የካቲትን ሙሉ ሞዴሉ ወተት ይቀንሳል ሲል ፍላጎቱ አልቀነሰም፤ ሚያዝያ ላይ ይጨምራል ሲል አልጨመረም። ትንሽ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በሪፖርቴ ላይ «2016 ፒያሳ የፈረሰበትና ደንበኛ የተበታተነበት ዓመት ስለሆነ ከስሌቱ ወጥቷል» ብዬ ጻፍኩ። ሰፈር ሲፈርስ ወተት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ይህን የዚያን ቀንም አውቀው ነበር። በገዛ ቤታችን ፍርስራሽ ስህተቴን ሸፈንኩበት።

ዳኒ ግራፉን አይቶ ወንበሩን ወደኔ ሳበ።

«ያለ ጋሽ ዘይኑ ይሠራል?»

«ይሠራል» አልኩት።

አንዲት ቃል ናት። ከዚያ በኋላ ስንት ቀን እንደዋሸሁ አልቆጠርኩም፤ ይህችን ግን አልረሳትም።

ገና ባለፈ በሳምንቱ ሸኟቸው። ሰበቡ ርቀቱ ነው፣ ዕድሜያቸው ነው፣ ስልሳ ሦስት ሆኗቸዋል፣ ማረፍ አለባቸው ተባለ። አንድ ብርድ ልብስና በፍሬም ያለ የምስጋና ወረቀት ተሰጣቸው። ንግግር ተደረገ። ጋሽ ዘይኑ ብርድ ልብሱን በሁለት እጃቸው ታቅፈው፣ ያባት ቤት የልጅ ነው፣ አላህ ይባርካችሁ አሉ። እኔም አጨበጨብኩ። ሲወጡ ጋዋናቸውን አልመለሱም፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

ጥር ሃያ አምስት ነነዌ ገባ። ሦስት ቀን ጾም ነው፤ ሞዴሉ አላወቀውም፣ ጥቂት ወተት ተበላሸ። ሦስት ቀን ምን አላት ብዬ አለፍኩ። የካቲት ስምንት እሑድ ማታ እናቴ እንደልማዷ «ነገ ሁዳዴ ነው» አለችኝ። ሞዴሉ ግን ጾሙን ከየካቲት አጋማሽ በኋላ ነበር የሚጠብቀው። ሰኞ አንድ ሺህ አራት መቶ ሃያ ሊትር አራገፍን። ሰባት መቶ እንኳ አልወጣም። ማክሰኞም እንደዚያው። ዳኒ ሲስተሙን ማንም በእጁ አይንካ፣ ራሱን ያስተካክላል ብሎ ነበር፤ እኔም ራሱን የሚያስተካክልበት ምንም ነገር ውስጡ እንደሌለ እያወቅኩ ዝም አልኩ። ረቡዕ ረመዷን ገባና ነገሩ የባሰ ተምታታ። ወተቱ ሲፈላ እየተቆራረጠ ወደ ቱቦ ደፋነው፤ ግቢው ለሳምንት ጎምዛዛ ሸተተ።

ዓርብ ላይ ዳኒ በግምት ቀንሺ አለኝ። ቀነስኩ፤ አብዝቼ ቀነስኩ። የሁዳዴ ጾመኛ ቢቀርም ለማፍጠሪያ ወተት የሚፈልግ፣ ሕፃን ያለው ቤት እንዳለ ረሳሁ። ካፌዎቹ ስልካችንን አቃጠሉት። አንድ ቀን ደፋን፣ አንድ ቀን አጣን፤ ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ከድልድዩ ማዶ ያለ የድሮ ደንበኛችን በሩ ላይ መጥቶ፣ ዘይኑ የት ሄደ፣ እሱን ጥሩልኝ ብሎ ጮኸ። እኔ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተደብቄ ሰማሁ።

ያን ጊዜ ነው ለዳኒ የነገርኩት። ሙሉውን አይደለም። የሚዘዋወሩት በዓላት ሞዴሉ ውስጥ እንዳልገቡ፣ ጋሽ ዘይኑ አስቀድመው የሚያውቁበት ዘዴ እንዳላቸው፣ ስለዚህ ቢመለሱ ጥሩ እንደሆነ ነገርኩት። ጠረጴዛውን በብዕሩ እየመታ አሰበና፣ መጀመሪያ የሚያውቁትን አምጪ፣ ከዚያ እናያለን አለኝ። እናያለን ነው ያለው። አልሳትኩትም።

እሑድ፣ የካቲት ሃያ ሁለት፣ ገላን ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዘይቱና በሩን ከፍታ አቅፋ ሳመችኝ፤ ሰፈር እያለን እንደምታደርገው ጫማዬን እንዳላወልቅ ተቆጣችኝ። ማፍጠሪያው ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ሁለት ሳሕን ሳምቡሳ ቀርቧል፤ አንዱን ወደኔ ገፋ አድርጋ ይሄ ያንቺ ነው፣ ምስር ብቻ ነው፣ በሌላ ዘይት ለብቻው ነው የጠበስኩት አለችኝ። እኔ እንደምጾም ማንም ሳይነግራት። ለምን እንደመጣሁ ሳስበው እዚያው ወለሉ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ካፈጠሩ በኋላ ጋሽ ዘይኑ ወተቱ እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ። የደፋነውን ሁሉ ተናገርኩ። ፊታቸው ላይ አንዲት የደስታ ጭላንጭል ፈለግኩ፤ እሰይ ቢሉ ይገባቸዋል። እሳቸው ግን ስንት ሊትር ብለው ጠየቁኝና፣ ስነግራቸው ራሳቸውን ያዙ። የሱሉልታ ሴቶች ያለቡት ነው እኮ፣ አላህን አትፈሩም አሉ። ያኔ ነው አፌን ሞልቼ የዋሸሁት።

«ጋሼ፣ ዳኒ ይመለሱ ብሏል። ከፋሲካ በፊት። ብቻ ዘዴውን ለኔ ያሳዩኝ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ላስገባው።»

እትዬ ዘይቱና ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ «አልሐምዱሊላህ» አለች። እሳቸው ተነስተው እስክሪብቶ አመጡ።

ለካ በደብተሩ ጥግ ላይ የነበሩት ሁለት ቁጥሮች አበቅቴና መጥቅዕ ናቸው። ባሕረ ሐሳብ፤ የጾምና የበዓል መቁጠሪያው። እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ስሙን ብቻ የሰማሁትን፣ እኚህ አምስት ወቅት የሚሰግዱ የወሎ ሰው በጣታቸው ይቆጥሩታል። በ1997 እሳቸውም እንደኔ ተሳስተው አራት መቶ ሊትር አበላሽተው ነበር አሉኝ። የዳኒ አባት አላባረሯቸውም፤ ሂድና ዕወቅበት ብቻ ነው ያሏቸው። ጊዮርጊስ አካባቢ አንድ መሪጌታ ነበሩ፣ በፍስክ ቀን ወተት የሚወዱ። አንድ ዓመት ሙሉ ጋሽ ዘይኑ በየፍስኩ ቀን ከድርሻቸው አንድ ብርጭቆ ይወስዱላቸዋል፤ መሪጌታው ያስተምሯቸዋል።

«ጻፊ» አሉኝ። «ዘንድሮ አበቅቴ አሥራ ሁለት፣ መጥቅዕ አሥራ ስምንት። መስከረም አሥራ ስምንት እሑድ ዋለ፤ የእሑድ ተውሳክ፣ ጭማሪው ማለት ነው፣ ሰባት። ከአሥራ ስምንቱ ጋር ሃያ አምስት። ነነዌ ጥር ሃያ አምስት፤ አሥራ አራት ስትጨምሪ ሁዳዴ የካቲት ዘጠኝ። አየሽ? ድሮውንም በመስከረም የታወቀ ነገር ነው።»

ረመዷንንም ነገሩኝ። ጨረቃ ከፀሐይ ዓመት አሥራ አንድ ቀን ታንሳለች። የእናንተም የእኛም ጨረቃ አንዷ ናት አሉኝ፤ የእናንተዎቹ በየዓመቱ አሥራ አንድ እየደመሩ ሠላሳ ሲሞላ ይጥላሉ፣ እኛ ዝም ብለን እንከተላታለን። ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው የቅበላ ሳምንት ስንት እንደሚጨምሩ፣ ረመዷንና ሁዳዴ ሲገጣጠሙ ስንት እንደሚያስቀሩ፣ ፋሲካ ቀደም ሲልና ዘግየት ሲል ምን እንደሚለያይ፣ አንድም አልደበቁኝም። እኔ አሥራ ሰባት ገጽ ጻፍኩ። ስወጣ እስከ ታክሲው ሸኙኝ፤ ጋዋኑን ዘይቱና አጥባዋለች፣ ተዘጋጅቷል አሉኝ። በመስኮት እያየኋቸው ሄድኩ። እሳቸው አላለቀሱም፣ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ለኔ ለቅሶ ደግሞ ማን ደንታ አለው።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ለእያንዳንዱ ቀን ከዓመቱ ፋሲካ ስንት ቀን እንደሚርቅ፣ ከረመዷን ስንተኛው ቀን እንደሆነ ለየብቻ አስገባሁ። ያ ሁሉ ዝብርቅርቅ ከላዩ ሲነሳለት ሞገዶቹ ጸድተው ቁጭ አሉ፤ የሣሩ ወቅት፣ የክረምቱ፣ የትምህርት ቤቱ መዝጊያ፣ ሁሉም በየቦታው። 2016ን መለስኩና አስገባሁት። ልክ ነበር። የፈረሰው ሰፈር ስህተት አልነበረውም። የጋሽ ዘይኑ ስሌት ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ስጽፈው አሥራ አራት መስመር ሆነ። ሃያ ሁለት ዓመትና አንድ ዓመት ሙሉ ወተት፣ አሥራ አራት መስመር።

ለዳኒ ሰጠሁት። እስኪ ትንሽ እንየው አለ። አንድ ሳምንት ሙሉ አየነው፤ በቀን ከአሥር ሊትር በላይ አልሳተም። ያኔ፣ በቃ፣ ጋሽ ዘይኑን ልጥራቸው አልኩት። ገረመው። እውነት ነው የምላችሁ፣ ክፋት አልነበረበትም፤ ሒሳብ እንደምጠይቀው ተማሪ ነው ያየኝ።

«መጥተው ምን ይሠራሉ፣ ፍዮሪ? ሁሉንም ሰጥተውሽ የለ?»

መልስ ነበረኝ፤ ቃል ገብቼላቸዋለሁ፣ በአንተ ስም ዋሽቻለሁ፣ ካልተመለሱ እኔም እወጣለሁ ማለት እችል ነበር። የቤት ኪራያችንን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ እናቴ ትታመማለች። እነዚህን ሰበቦች ደርድሬ ምላሴን ዋጥኩ። የዚያኑ ሳምንት የዳታ ክፍል ኃላፊ አደረገኝ። ክፍሉ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ለጋሽ ዘይኑ መንገር ነበረብኝ። ለዒድ እንኳን አደረሰዎ ብዬ ስደውል፣ ዳኒ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ፤ ትንሽ ወረቀት ነው የቀረው አልኳቸው። ከዚያ ሲደውሉ ማንሳት ተውኩ። ሦስት ጊዜ ደወሉ፤ አራተኛውን አልደወሉም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ አንድ፣ ፋሲካ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ስገባ በሩ ላይ ቆመዋል። ነጭ ጋዋን ለብሰው። ተተኩሷል፤ የእጅጌው መስመር እንኳ ይታያል። ከፋሲካ በፊት ብለሽኝ የለ፣ ከዚህ በላይ የት ይኬዳል ብዬ መጣሁ አሉኝ። ዘበኛው እኔን ያየኛል። ወተት የሚያራግፉት ልጆች ሥራቸውን አቁመው ሰላምታ ሊሰጧቸው ተሰለፉ። ሁሉም መመለሳቸው መስሏቸዋል።

ቢሮ አስገባኋቸው። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም። ቆሜ ነገርኳቸው። ዳኒ እናያለን ብቻ ነበር ያለው፣ ይመለሳሉ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ከየካቲት ሃያ ሁለት ጀምሮ ዋሽቼዎታለሁ አልኩ። ከጥቅምት ጀምሮ ማለት ነበረብኝ። ይቅርታ ያልኩ ይመስለኛል፤ ምን ዋጋ አለው።

ከውጭ የጣሳ ኳኳታ ይሰማል። ከዚያ ጋዋናቸውን ቁልፍ በቁልፍ ፈቱት፣ አወለቁት፣ እጥፍ እጥፍ አድርገው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። የድርጅቱ ነው አሉ። ሸሚዛቸው አሮጌ ነው፤ አንገትጌው በሌላ ጨርቅ ተለውጧል። እዚህ ግቢ ውስጥ ያለ ጋዋን አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ሊወጡ ሲሉ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ አረፈ። የቀጣዮቹ ቀናት ትዕዛዝ በትልቁ ተጽፎ ይታያል። ለቅዳሜ፣ ለፋሲካ ዋዜማ፣ ሁለት ሺህ መቶ ሊትር። መነጽራቸውን አውጥተው ቀረብ አሉ። አነበቡት። በጣታቸው የሆነ ነገር ቆጠሩ።

«እኔ ብሆን ሃምሳ እጨምርበት ነበር» አሉ።

ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። አያችሁ፣ እዚያ ደርሼም ጠየቅኩ። እጄ ሳላዘው ወደ ብዕሩ ሄዶ ነበር። እጄን አዩት። በሕይወቴ ተቆጥተውኝ አያውቁም፤ የዚያን ቀንም አልተቆጡም። ፈገግ ያሉ መሰለኝ።

«እሷን እንኳ ለኔ ተዪልኝ፣ ልጄ።»

ከዚያ ወጡ። ልጆቹ በሩ ላይ ጋሼ፣ ጋሼ ሲሉ ይሰማኛል፤ እሳቸው ምን እንደመለሱላቸው አልሰማሁም። በመስኮት ሳያቸው በሸሚዝ ብቻ ወደ ድልድዩ እየወረዱ ነበር፤ ጠዋቱ ደግሞ ይበርዳል።

ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ለሱሉልታ ደወልኩ። ሁለት ሺህ መቶ ሃምሳ አልኩ። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የመጨረሻዋ ሊትር ወጣች። አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተረፈም፤ ዘግይተው የደወሉ ሦስት ካፌዎች እንኳ የጠየቁትን ሁሉ ወሰዱ። ዳኒ ደስታውን የሚያደርግበት አጥቶ፣ ያን ዕለት ነው ፎቶ አንሺ የጠራው።

እስከ ዛሬ ያቺን ሃምሳ ሊትር እፈልጋታለሁ። ሃያ ሁለቱን ደብተር ገልብጬ አየሁ። ሞገድ ጨመርኩ፣ ቀነስኩ፣ ዒድና ፋሲካ ስንት ቀን እንደተራራቁ አስገባሁ፣ ያ ቅዳሜ ዝናብ ይኑረው አይኑረው፣ የወሩ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ሳይቀር ሞከርኩ። ሁሉም ሁለት ሺህ መቶ ይሉኛል። አንዴ ገላን ድረስ ሄጄ ነበር፤ ፎቁ ሥር ደርሼ፣ የእትዬ ዘይቱናን ልብስ ሰገነቱ ላይ ተሰጥቶ አይቼ፣ ተመለስኩ። ጋዋኑ ወንበሬ ጀርባ እንደታጠፈ ነው።

ፎቶው በተነሳ ዕለት ዳኒ ግራፉን እያየ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ሞዴሉ ሐሙስ ዕለት ሁለት ሺህ መቶ ይል አልነበር፣ ያንን ሃምሳ ከየት አመጣው አለኝ።

ከሞገዱ ነው አልኩት።